ትንፋሹን ይውሰዱ፣ ለደሙ ግን ዳኛ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ዕትማችሁ አንድ አንባቢ «ጠጥቶ የሚነዳ ሰው መብት ብሎ ነገር የለውም፤ ፖሊስ ከጠረጠረው እዚያው ደሙን ቀድቶ ይመርምረው፤ ያልጠጣ ሰው ምን ይፈራል?» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔ ራሴ ማታ ማታ በዋሽንግተን ዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ ሰው እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ዩ ስትሪት ላይ መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። የመኪናው ቁልፍ ሁለት ሦስቴ ከእጁ ወድቆ አንስቶ፣ የሌላ ሰው መኪና በር ሲታገል ቆይቶ፣ በመጨረሻ የራሱን አግኝቶ መብራት እንኳ ሳያበራ ከፊቴ የሚወጣውን ሰው ስንቴ ፍሬን ይዤ አሳልፌዋለሁ። በዚህ አገር በ2022 ብቻ ከ13,000 በላይ ሰው የሞተው ጠጥተው በሚነዱ ሰዎች አደጋ ነው። ስለዚህ ለሰካራም ሹፌር ጥብቅና ልቆም አይደለም።

«ያልጠጣ ምን ይፈራል» የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም።

በጁላይ 2017 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የሆነውን ላስታውሳቸው። ከፖሊስ የሚሸሽ ሰው መስመር ስቶ አንድ ትራክ ነጂ ላይ ወጣበት። ትራክ ነጂው ክፉኛ ተቃጥሎ ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ገባ። ልብ በሉልኝ፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም፤ ጠጥቷል ብሎ የጠረጠረውም የለም። ሆኖም አንድ መርማሪ ፖሊስ መጥቶ ደሙን ልውሰድ አለ። አሌክስ ዉብልስ የምትባል ነርስ ሆስፒታሉና ፖሊስ የተስማሙበትን ወረቀት አውጥታ አነበበችለት፦ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይ የታካሚው ፈቃድ፣ ወይ ደግሞ ታካሚው የታሰረ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። መርማሪው ምን አደረገ? እየጮኸች ጎትቶ አስወጣትና በካቴና አሰራት። ቪዲዮው ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። በኋላ መርማሪው ከሥራ ተባረረ፣ ነርሷም 500,000 ዶላር ካሳ አገኘች፣ ትራክ ነጂው ግን በሁለተኛው ወር ሞተ። ከኛ ሰው ስንቱ ነው ዛሬ ትራክ ላይ ያለው? ያ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ያልጠጣ ነበር። ምን እንደሚፈራ እንግዲህ ይኸው።

ሕጉም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሉት ልቅ አይደለም። በ1966 ሽመርበር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ተጋጭቶ ሆስፒታል ሳለ እምቢ እያለ ደሙ ተቀዳ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ «በዚህ ጉዳይ ችግር የለውም፤ አልኮሉ ከደሙ እየጠፋ ስለነበረ ዳኛ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ፖሊስ ይህችን «ጊዜ የለም» የምትል ነገር እንደ ማለፊያ ወረቀት ይዟት ዞረ።

ነገሩ መልክ የያዘው በ2013 ነው። ማክኒሊ የሚባል የሚዙሪ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ በፍጥነት ሲነዳና መስመር ሲያልፍ ተያዘ። በትንፋሽ አልኮል የሚለካውን መሣሪያ አልነፋም አለ። ፖሊሱ ሆስፒታል ወስዶ፣ ሰውዬው ደሜን አልሰጥም እያለ አስቀዳው። ውጤቱ 0.154 ሆነ፤ ሕጉ ከሚፈቅደው ከ0.08 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰክሮ ነበር፣ አለቀ። ፍርድ ቤቱ ግን «አልኮል ከደም ይጠፋል» ማለት ብቻውን ዳኛን ሳይጠይቁ መርፌ ለመውጋት አይበቃም፣ እንደየሁኔታው ይታያል ብሎ ወሰነ። በ2016 ደግሞ ከሰሜን ዳኮታና ከሚኒሶታ የመጡ ሦስት ጉዳዮችን አንድ ላይ አይቶ መስመሩን አጠራው። የታሰረ ሰው ትንፋሹ ያለ ትእዛዝ ሊለካ ይችላል። ደም ግን ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ደሜን አልሰጥም ያለን ሰውም ለዚያ ብሎ በወንጀል መቅጣት አይቻልም። ውሳኔውን የጻፉት አሊቶ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለተከሳሽ በማዘን የሚታሙ ዳኛ አይደሉም።

በትንፋሽና በደም መካከል ምን ልዩነት አለ የሚል ይኖራል። ሰፊ ልዩነት አለ። ቱቦዋን አፍህ ላይ አድርገህ፣ በቃህ እስክትባል ትነፋለህ፣ ቁጥር ይወጣል፣ አለቀ። ከዚያ ትንፋሽ ተቀምጦ የሚቀር ነገር የለም። ደም ግን ቆዳህ ተበስቶ ነው የሚወጣው፤ በብልቃጥ ታሽጎ ይቀመጣል። በውስጡ ስኳርህ አለ፣ በሽታህ አለ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ ሴት ከሆነች እርግዝናዋ አለ፣ የዘር ሐረግህም ሳይቀር አለ። ዛሬ ለአልኮል ብቻ ነው ተብሎ የተወሰደ ነገር ነገ ለምን እንደሚውል አንተ አታዝበትም። አሊቶም በውሳኔያቸው ያነሱት ይህንኑ ነው።

የእኚህ ወንድሜ ጠንካራ ነጥብ «ዳኛ ሲጠየቅ ሰካራሙ ይበርድለታል» የምትለዋ ናት። እውነት አላት። አልኮል ከደም በሰዓት በግምት 0.015 እየቀነሰ ይሄዳል። ግን ዛሬ ዳኛ ለመጠየቅ ፈረስ አይጫንም። ዋና ዳኛው ሮበርትስ እዚያው የ2013 ጉዳይ ላይ እንደጻፉት ካንሳስ ውስጥ ፖሊስ ጥያቄውን በኢሜይል ወደ ዳኛው አይፓድ ይልካል፤ ፈርመው ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የመለሱ ዳኞች አሉ። እዚህ ቨርጂኒያም ማጂስትሬቶች፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚሰጡ የፍርድ ሹሞች፣ 24 ሰዓት ይሠራሉ። ሰውዬውን ከመንገድ አንስቶ፣ ጭኖ፣ ሆስፒታል አድርሶ፣ የሚቀዳ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቁ ራሱ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ታዲያ ዳኛውን በመዝለል የሚተርፈው ምንድነው? ደቂቃዋ አትመስለኝም። «ለምን ጠረጠርከው?» ተብሎ ከመጠየቅ ማምለጥ ነው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር? ከሌሊት ሥራ የወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀይ ነው። ንግግሩ ይጎተት ነበር? እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ደንግጦ ሲያወራ እንዴት ነው የሚያወራው?

በነገራችን ላይ፣ በ2019 ይኸው ፍርድ ቤት ከዊስኮንሲን በመጣ ጉዳይ ጠጥቷል የተባለ ሹፌር ራሱን ከሳተ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትእዛዝ ደሙ ሊወሰድ ይችላል የሚል ነገር አምጥቷል። ዳኞቹ ተከፋፍለውበታል፤ ሶቶማዮርም አጥብቀው ተቃውመዋል። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። አፍ ያለው ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ አፉ የተዘጋውን ሰው ነው ዳኛ ሊያይለት የሚገባው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፣ ምክንያቱም እኛ ቡና ስንጠጣ የሚናፈሰው ምክርም ሌላ ጥፋት ነው። «ፖሊስ ካስቆመህ በፍጹም እንዳትነፋ፣ መረጃ አትስጠው» ይባላል። ይህን የሚመክርህ ሰው ላይሰንስህን አይከፍልልህም። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገድ ዳር በትንሿ መሣሪያ ንፋ ስትባል እምቢ ማለት ትችላለህ፤ ሕጉ ራሱ ይፈቅድልሃል፣ እምቢ ማለትህም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብህም። ከታሰርክ በኋላ በትልቁ ማሽን የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ያን ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካልክ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን አንድ ዓመት ከመንዳት ትታገዳለህ፤ ክሱም ከስካሩ ክስ የተለየ ነው። ሲዲኤል (የትራክና የመሳሰሉት የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰውማ ከዚህ ይብሳል፦ እምቢ ያለው በግል መኪናው ልጆቹን ይዞ ከልደት ሲመለስ ቢሆን እንኳ፣ በፌደራሉ ሕግ አንድ ዓመት ትራክ አይነዳም፤ ሁለተኛ ከደገመ ለዕድሜ ልክ ነው። ትራኩ ላይ ሆኖ ደግሞ ገደቡ 0.08 ሳይሆን 0.04 ነው። የቤት ጠጅ ላይ ፐርሰንት አይጻፍም፤ ማኅበር ላይ «አንድ ብቻ» እየተባለ በሚቀዳው ብርሌ ይህን ቁጥር እንዴት እንደምትቆጥረው አንተው እወቅ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ፈቃድ» የሚባለው ነገር ነው። ከ2016ቱ ሦስት ጉዳዮች በአንዱ፣ ቤይሉንድ የተባለው ሰው ደሙን የሰጠው «ሕጉ ያስገድድሃል» ተብሎ ነው። ፍርድ ቤቱም ይህ እውነት ፈቃድ ነው ወይ የሚለውን እንደገና እዩት ብሎ ወደ ሰሜን ዳኮታ መለሰው። ያ ሰው እንግዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የተነገረው። የኛን ሰው አስቡት። ሌሊት ነው፣ እጁ ታስሯል፣ ፖሊሱ ከወረቀት ላይ በሕግ እንግሊዝኛ በጥድፊያ ያነብለታል፣ እሱም ሰው እንዳይቆጣ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ወረቀቱ ላይ «ፈቅዷል» ይባላል።

ዲሲ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን በአማርኛ መፈተን ይቻላል። ከተማዋ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፣ አማርኛም በዚያ ከሚገለገሉበት ቋንቋዎች አንዱ ነው። መንገድ ላይ የሚያወጣንን ፈተና በአማርኛ ከተፈተንን፣ ደማችንን ስለሚጠይቀው ወረቀትም በዲሲም በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በአማርኛ የሚያስረዳን ሰው፣ በስልክም ቢሆን፣ ይቅረብልን። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ሲጽፉ ይህችን ነጥብ ቢጨምሯት ደስ ይለኛል፤ እኚህ ወንድሜም ከፈለጉ አብረን እንፈርምባታለን።

አክባሪያችሁ፣
የሌሊት ሹፌር፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ