ይድረስ ለሸሚንደፈሩ ልጅ

እንዴት ነህ አቦ? እኔ አለሁ። በእማማ ለቅሶ ጊዜ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁና የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ በዘገየሁ ቁጥር እያፈርኩ መጣሁ። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

አሁን የጻፍኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው። «ሲቸግረው ነው የሚያስታውሰኝ» ትላለህ። በል፣ ግዴለም።

የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ለእኔ ሰጥተውኛል። ልጆቹ የግድግዳ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። ኳስ፣ ቀልድ፣ የውሃ መጥፋት። አንዷ ታዲያ «ቲቸር፣ ጋዜጣ የአዲስ አበባ ነገር ነው አይደል?» አትለኝም! ደሜ ፈላ። የሐረሩን ጀመርኩላቸው። በ1890ዎቹ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጡት ሚሲዮናዊ አባ ማሪ በርናር፣ እዚያው ሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቤት የሚያስተዳድሩት፣ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የሚባል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። (አጠራሬን ሰምተህ አትሳቅ።) ኋላ ጋዜጣው ወደ እኛው ድሬ ወረደ። ባቡሩ ድሬ የገባው እኮ በ1895 ነው፤ ከተማዋ ገና ጥርስ አላወጣችም። አዲስ አበባም በዚያው ዘመን «አእምሮ» የሚባለው የአማርኛ ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚወጣው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፣ ጎል የገባ ይመስል።

ያ ኳስ ብቻ የሚያወራው ልጅ ደግሞ «ተፈሪ ያነበው ነበር?» አለኝ። እስቲ ምን ልበለው? ሐረር ያደገ፣ ከካፑቺኑ አባ እንድርያስና ከአባ ሳሙኤል እጅ የተማረ፣ ኋላም በ1917 «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣን ያስጀመረ ሰው አላነበበውም ብዬ ልማል? አነበበው ብዬም አልምልም። አባ ሳሙኤል ሐሮማያ ሐይቅ ላይ እንደሰጠሙ ስነግራቸው ደግሞ «የትኛው ሐይቅ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሲደርቅ ያየነው እኛ ነን።

ከሁሉ የባሰው ግን «አሳየን» ማለታቸው ነው። የካፑቺኖቹ ሚሲዮን ድሬ ላይ ቅዱስ አልዓዛር የሚባል ማተሚያ ቤት ነበረው አይደል? እዚያ የታተመውን የአባ እንድርያስን የኦሮምኛ ሰዋስው ከዚራ ሰፈር ካሉ አንድ ሽማግሌ ተውሼ ወሰድኩላቸው። ያቺ ልጅ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው። ፊደሉ ወረቀቱን ገፍቶት ወጥቷል። «ቲቸር፣ ይቆረቁራል» አለች። ግን ጋዜጣ አይደለማ! እነሱ የሚፈልጉት ጋዜጣውን ነው።

አንተ ፓሪስ ነህ። ፈረንሳይኛውን ከአባትህ በነጻ ወርሰሃል፤ እኔ ከ«ቦንዡር» አላለፍኩም። አንድ ቅዳሜ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ገብተህ ፈልግልኝ። አንድ ገጽ ይበቃኛል። ማስታወቂያ ያለበት ቢሆን ደግሞ እሰየው። ርዕሰ አንቀጹን ማን ያነብልሃል? ማን ምን ይሸጥ እንደነበር ነው ልጆቹን የሚይዛቸው። ትርጉሙንም በድምፅ ላክልኝ፣ ያንተን ድምፅ ይስሙ።

ስለ እሷም ልጽፍልህ ነበር... ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

በቴሌግራም ማታ ማታ ላከው፣ ኔትወርኩ ያኔ ይሻላል። ካገኘህልኝ ያ ሁለት መቶ ብር ተሰርዞልሃል። ካላገኘህ ከነወለዱ ነው።