ለአማራ ክልል ውሃና ኢነርጂ ቢሮ፦ የጎጃም ወንዞችን ነፍሳት በአንድ መመሪያ እንለይ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከጮቄ ወርዶ በደብረ ማርቆስ ጥግ የሚያልፈው ጨሞጋ ላይ አንዱ ቡድን «ውሃው ደህና ነው» ይላል። ሌላው እዚያው ቦታ «ተጎድቷል» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ድንጋይ ገልብጠው እጭና ትል ቆጥረዋል። የሚለዩበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ላይ የለም። እጮቹ ግን ለወራት እዚያው ናቸው። ኦክስጅን ሲያንስ የማይቋቋሙት ቀድመው ይጠፋሉ፤ ቀያይ እጮችና ቀጫጭን ትሎች ቦታውን ይወርሱታል። ለዚህ ነው ነፍሳቱን የምናምናቸው። በስማቸው ካልተሳሳትን ማለት ነው።

ስቶንፍላይ የሚባለው እጭ ሁለት ጭራ አለው። ሜይፍላይ የሚባለው ሌላው እጭ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት። ጀማሪ ይህችን ብቻ ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ነገር ግን ባለ ሁለት ጭራ ሜይፍላይም አለ! እግሩ ጫፍ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ስቶንፍላይ በየእግሩ ሁለት ጥፍር አለው፣ ሜይፍላይ አንድ። የወንዝን ጤና በነፍሳቱ በሚመዝነውና ብክለት ለማይችሉት ከፍ ያለ ነጥብ በሚሰጠው በደቡብ አፍሪካው ሳስ 5 አሠራር ፐርሊዴ የተባለው የስቶንፍላይ ቤተሰብ (የተዛማጅ ዝርያዎች ምድብ) 12 ነጥብ ያገኛል። ከቤቲዴ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ሜይፍላይ ብቻ ከተገኘ ግን 4 ነው። ጥፍር ሳያዩ ጭራ መቁጠር 8 ነጥብ ያዛባል።

ከዜሮ አንጀምርም። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀው ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። የጎደለን ሁላችንም የምንገዛበት መመሪያ ነው። ግልገል አባይ ይሁን ጀደብ፣ ማንም ይሂድ ማን፣ ቢያንስ እስከ ቤተሰብ ደረጃ በአንድ መመሪያ ይለይ። በአማርኛ ይጻፍ፣ ፎቶው ከእኛው ወንዞች ይነሳ። ነፍሳቱን የምንይዝበት መረብ ቀዳዳም እኩል ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ትንንሾቹ ሾልከው ይቀራሉ።

አደራ የምላችሁ ግን ናሙናው እንዳይደፋ ነው። ተቆጥሮ ሲያበቃ ወንዝ ዳር የሚደፋ ናሙና ያንገበግበኛል። አልኮል ውስጥ ይቀመጥ። ወንዙ፣ ቦታውና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ አብሮ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ያኔ ጥርጣሬ ሲነሳ ሌላ ሰው ከፍቶ ያያል። ከየቡድኑ ናሙና የተወሰነው ደግሞ ጥርጣሬ ባይኖርም በሌላ እጅ ዳግም ይለይ።

የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች እዚሁ አሉ። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚችለው ቢሮው ነው። የመጪው በጋ ሥራ ሳይጀመር ጥሩን፤ ማጉያ መነጽራችንንና ናሙናችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ማርቆስ