ከቀፎው በፊት ሲሙን ማዘጋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ስልክ ነጠቃ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው የቀፎው ዋጋና የፖሊስ ጥበቃ ማነስ ነው። ሁለቱም ሊነሱ ይገባል። ከባዱ ኪሳራ ግን የሚመጣው ውስጥ ካለችው ሲም ካርድ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ገንዘቡ ከባንክ ከወጣ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ስልኩ የተቆለፈ ቢሆንም ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በባለቤቱ ኢሜይል ወይም ባንክ መተግበሪያ ላይ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ይጫናል። የማረጋገጫ ኮዱ በአጭር መልእክት እሱ እጅ ይገባል፤ የባለቤቱ ይለፍ ቃል የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አያድንም።

ይህን መንገድ የሚዘጋው የሲም ፒን ነው። በአንድሮይድ ከደህንነት፣ በአይፎን ከሞባይል ኔትወርክ ማስተካከያ ሥር ይገኛል። ፒን የተደረገበት ሲም ወደ ሌላ ቀፎ ሲገባ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ቁጥሩን ካላገኘ አይሠራም። ሰዎች የሚሳሳቱት ሲጀምሩ ነው፦ ስልኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከኩባንያው የተሰጠውን ፒን ሲሆን፣ ያንን በግምት ይሞክራሉ። 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ተቆልፎ ባለ 8 አሃዝ የሲም መክፈቻ (ፐክ) ቁጥር ይጠይቃል፤ ፐኩን 10 ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሲሙ እስከ መጨረሻው ይሞትበታል። ፐኩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሲሙ ተፈልቅቆ በሚወጣበት ፕላስቲክ ካርድ ላይ ነው፤ ያንን ካርድ ደግሞ ሰው ወዲያው ይጥለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለቱንም ቁጥሮች ከቴሌኮም ድርጅቱ ጠይቆ መያዝ ይገባል። አዲሱ ፒን የልደት ዓመት ወይም የኤቲኤም ቁጥር አይሁን።

ስልኩ እንደተቆለፈ መልእክቱ በስክሪኑ ላይ የሚነበብ ከሆነ ግን የሲም ፒን ትርጉም የለውም፤ ሌባው ሲሙን ሳያወጣ ኮዱን ያነበዋል። የመልእክቱ ይዘት በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ይደረግ።

በጣም አስጊው ባለቤቱ እያወራ ወይም እየጻፈ ሳለ፣ ስልኩ ተከፍቶ እንዳለ የሚፈጸመው ነጠቃ ነው። አፕል ከጥር 2024 (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ፣ ስልኩ ከተለመደ ቦታ ውጭ ሲሆን የአካውንቱን ይለፍ ቃል ለመቀየር የፊት ወይም የጣት አሻራና የ1 ሰዓት ቆይታ የሚጠይቅ መከላከያ አውጥቷል። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮችም ድንገተኛ መንጠቅን ሲያውቁ ስክሪኑን ይቆልፋሉ። ሁለቱም መከፈታቸው ከሴቲንግ ውስጥ መረጋገጥ አለበት። የባንክ መተግበሪያው ፒንም ከስክሪኑ መክፈቻ የተለየ ይሁን። በመንገድ ስትሄዱ ስልኩን ከመኪናው መንገድ በራቀው እጅ ያዙ። ነጣቂው ስለት ከያዘ ግን ያለ ክርክር ስጡት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚስተካከል ነው።

ከነጠቃው በኋላ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በአቅራቢያ ካለ ሰው ስልክ መጀመሪያ ቴሌኮም ተደውሎ ሲሙ ይዘጋ፤ ቀጥሎ ባንክ፤ ከዚያ የኢሜይል ይለፍ ቃል ይቀየር። ቀጥሎ በጉግል ወይም በአፕል አካውንት በኩል ስልኩን «ጠፍቷል» ብሎ መመዝገብ የሚቀድም ሲሆን፣ መረጃውን ማጥፋት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የአንድሮይድ ስልክ መረጃው አንዴ ከተደመሰሰ ያለበትን ቦታ አያሳይምና። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ፤ ወደ አካውንታቸው ሲገቡ ኮዱ የሚላከው ወደ ተሰረቀው ስልክ ነው። ጉግል ለዚሁ ሲል እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ በወረቀት ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ነው። አይፎን የሚፈለግበት የአፕል ድረ ገጽ ግን ያለ ኮድ፣ በይለፍ ቃል ብቻ ያስገባል።

ካርታው ወደሚያሳየው ቦታ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለፖሊስ ስጡ። ከቀናት በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፣ በዚህ ሊንክ ይግቡ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ ላኪው ራሱ ሌባው ወይም ገዢው ነው። በባለቤቱ አካውንት የተቆለፈ ስልክ ከመለዋወጫ የዘለለ ዋጋ ስለማያወጣ ይለፍ ቃሉን ይፈልጋል። ስልኩን ከአካውንታችሁ ዝርዝር ፈጽሞ አትሰርዙ፤ ሲሰረዝ ቁልፉ ይነሳል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ ተመርተው በግዛቷ የሚሸጡ ስማርት ስልኮች ሁሉ ከርቀት የሚቆለፉ እንዲሆኑ በሕግ ማስገደዷም ይህንኑ ገበያ ለማድረቅ ነው።

ለፖሊስም ለቴሌኮምም የሚያስፈልገው መለያ *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት አለውና ሁለቱም ይጻፉ።

ሸክሙ ሁሉ በተሰረቀው ሰው ላይ መውደቁ ግን ፍትሕ አይደለም። ባንኮች ከአዲስ ቀፎ የሚታዘዝን የመጀመሪያ ከፍተኛ ክፍያ ለ24 ሰዓት ማቆየት ይችላሉ፤ የቴሌኮም ድርጅቶችም ሲም ለማዘጋት ሌሊትም የሚመልስ አንድ አጭር ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ጋዜጣችሁ ደግሞ የነጠቃ ዜና ባወጣ ቁጥር የቴሌኮምና የባንኮችን የማዘጊያ ቁጥሮች ከሥሩ ቢያትም፣ አንባቢ ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ይይዛቸዋል። አሁን አብዛኛው ሰው እነዚህን ቁጥሮች መዝግቦ ያስቀመጠው እዚያው በሚነጠቀው ስልክ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ