ፎቁ ይቆይልኝ ስለማለቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ሃምሳ ዓመት በቅጡ ሳይሞላሽ ስለ ጡረታ ታወሪያለሽ፤ ቤቱን ግን በጅምር ተውሽው» ያሉኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ ከሚያጣላን በጽሑፍ ብመልስልዎት ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አስተምረው በ60 ዓመትዎ ጡረታ ሲወጡ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ወደ ፈንዱ ሲገባ ስለነበረ፣ አበልዎን አስልቶ የሚከፍልዎ አካል አለ። እዚህ የመንግሥቱ ጡረታ ሶሻል ሴኩሪቲ ይባላል፤ ደጋፊ እንጂ ብቻውን የሚያኖር አይደለም። የሚሰላው ሰውየው ከፍተኛ ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። እኔ በዲቪ የመጣሁት በ28 ዓመቴ ስለሆነ፣ እንዳሰብሁት በ56 ዓመቴ ሥራ ባቆም ሰባቱ ዓመታት በዜሮ ይገቡና አማካዩን ያወርዱታል። ክፍያውን በ62 መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን በ67 ከሚገኘው 30 በመቶ ተቀንሶ ነው፣ ቅነሳውም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ስለዚህ እስከ 67 ላልነካው ወስኛለሁ። እንግዲህ ከ56 እስከ 67 ያሉትን አሥራ አንድ ዓመታት የምኖረው ራሴ ባጠራቀምሁት ብቻ ነው፤ ፎቁን ያስቆመውም ይኸው ነው።

ለምን 56 አልሽ ይሉኝ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ወገቤ ነው፤ ነርስነት በሽተኛ ማገላበጥና ሌሊት መቆም መሆኑን ያውቃሉ። ሁለተኛው ሕጉ ነው። በመሥሪያ ቤቴ በኩል የማጠራቅምበት 401ኬ የሚባለው ሂሳብ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከተነካ ከግብሩ በተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት ያስከትላል። ሆኖም ሠራተኛው 55 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራውን ከለቀቀ፣ ከለቀቀው መሥሪያ ቤት ሂሳብ ላይ ግብሩን ብቻ እየከፈለ ያለ ቅጣት ማውጣት ይፈቀድለታል። ሥራ በለቀቁ ማግስት ገንዘቡን ወደ ሌላ የግል የጡረታ ሂሳብ የሚያዛውሩ ሰዎች ይህን መብት ሳያውቁት ያጡታል። አሠሪዬም እኔ ባስቀመጥሁት ልክ እስከ ደመወዜ 4 በመቶ ስለሚጨምርልኝ፣ ቁጠባውን አቋርጬ ለሲሚንቶና ለብረት ብልክ ያን ጭማሪ በገዛ እጄ ለእሱ መመለሴ ነው።

ምን ያህል ይበቃል ለሚለው እዚህ ሰው የሚመራበት አንድ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ መርምሮ፣ ጡረተኛው በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶ ያህል ቢያወጣና ከዚያ ወዲያ በዋጋ ንረቱ ልክ እየጨመረ ቢወስድ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚያደርሰው አሳይቷል። በዚህ መሠረት የአፓርታማዬ ዕዳ ካለቀ በኋላ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ቢበቃኝ 750 ሺህ ዶላር ማጠራቀም አለብኝ ማለት ነው። እኔ ግን በጊዜ ስለማቆም 30 ዓመቱ ሊያልቅብኝ ይችላል፤ የእናታችንን ዕድሜ አይተው ይፍረዱ። ስለዚህ በ3.5 በመቶ ባሰላው ድምሩ ከ850 ሺህ በላይ ይሆናል፤ ከ67 በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲው ስለሚጨመርበት ወደ መጀመሪያው ቁጥር ብጠጋም አልሰጋም። እባክዎ ጋሼ፣ ይህን በብር አይመንዝሩት፤ ለዘመድም አይንገሩብኝ።

ገንዘቡ ሁሉ አክሲዮን ላይ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያው ከሢሶ በላይ ሲወድቅ ጡረታ ለመውጣት ወራት ብቻ የቀሯቸው ባልደረቦቼ ተመልሰው የሌሊት ፈረቃ ሲለምኑ አይቻለሁ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ወጪ በማይወድቅ ሂሳብ ለብቻው ይቀመጣል፤ ገበያው ሲከፋ ከዚያ እወስዳለሁ።

«ታዲያ ለምን ወደ ብር ቀይረሽ እዚህ አታስቀምጪም» ላሉኝ ግን መልሴ አጭር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቁጠባዬ በብር ቢሆን ኖሮ በዶላር ሲታይ ግማሽ ያህሉ ይጠፋ ነበር። ምንዛሪው ከፍ ሲል ኑሮ ይረክስልኛል ብዬም አልተማመንም፤ የእርስዎ አበል በዚያው ልክ እንዳላደገ፣ ጤፉ ግን እንደጨመረ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጠቅልዬ እገባለሁ ብዬም ባዶ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የሚጀምረው በ65 ነው፤ ከዚያም በኋላ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። እስከዚያ ድረስ መድኑን በራሴ አረቦን የምገዛ ስለሆነ መኖሪያዬ እዚሁ ሆኖ፣ የበጋውን ወራት ደብረ ብርሃን ከእናታችን ጋር አሳልፋለሁ። በዓመት ጥቂት ወር ለሚያርፍ ሰው ምድር ቤቱ ይበቃዋል። እዚህ የማውቃቸው ብዙዎች በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ባለ ፎቅ ቤት ሠርተው፣ ዘበኛ ቀጥረውለት፣ እነሱ ግን ሰባ ሊሞላቸው ሲል አሁንም የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ቤቱን አልነቅፍም፤ ከጡረታው በፊት መቅደሙን ነው የምነቅፈው።

ለቤተሰቡ የምልከው አይቀንስም፤ ነገር ግን የተወሰነ ይሆናል። የእናታችን መድኃኒትና ቀለብ ከሁሉ ይቀድማል። የእህታችን ልጅ የትምህርት ክፍያም እስኪመረቅ ይቀጥላል። ለድንገተኛ ሕመምና ለለቅሶ የአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ለብቻው አስቀምጫለሁ። ከያዝኋቸው ሁለት እቁቦች ከአንዱ ወጥቻለሁ፤ እቁብ ያስቆጥባል እንጂ ገንዘቡን አያሳድግም። ከእድሩ አልወጣም። ለሠርግና ለመኪና መግዣ የሚመጣውን ጥያቄ ግን ከእንግዲህ እርስዎ በታላቅነትዎ ያስቁሙልኝ፤ እኔ እንቢ ካልሁ ቅያሜ ነው፣ እርስዎ ካሉ ምክር ነው።

ኮንትራክተሩን የምድር ቤቱን ጣራና በር ጨርሶ እንዲያቆም፣ ለፎቁ የተገዛውን ብረትም ዋጋው ሳይወርድ እንዲሸጥልን ይንገሩልኝ። የእናታችንን መድኃኒት የወር ወጪና የልጁን የሴሚስተር ክፍያ በቁርጥ ጽፈው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ይላኩልኝ፤ ከጥር ጀምሮ ከደመወዜ ለ401ኬ የሚቆረጠውን የምወስነው ያንን አይቼ ነው።

አክባሪዎ
ታናሽ እህትዎ