በወገቧ የተወጋች እናት አትተኛም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቀዶ ሕክምና ስለተገላገለችው እናት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። «ሐኪሙ ወገቧ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ወግቶ ሙሉ በሙሉ ካስተኛት በኋላ» ይልና፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ እናቲቱ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ሰምታ እንዳነባች ይተርካል። ሙሉ በሙሉ ተኝታ ከነበረ ለቅሶውን የሰማችው በሕልሟ ይሆን?

በወገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ አያስተኛም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ ገብቶ ኅብለ ሰረሰር ካለበት ፈሳሽ ጋር የሚቀላቀለው መድኃኒት ከደረት ግርጌ እስከ እግር ጣት ያለውን ሕመም ያጠፋል እንጂ አእምሮን አያደነዝዝም፤ መነካካቱና መጎተቱ እንኳ ይሰማል። ሙሉ ሰመመን ግን ራስን የሚያስት፣ ትንፋሹም በቱቦ የሚታገዝበት ሌላ ነገር ነው፤ በወላድ ላይ የጨጓራዋ ይዘት ወደ ሳንባዋ የመግባት አደጋው ስለሚያይል፣ ካልተገደድን በቀር አንመርጠውም።

የቃላት ጉዳይ ነው የሚለኝ ካለ ይህን ይስማ። ዘገባው በወጣ በአራተኛው ቀን ለኦፕራሲዮን የቀረበች ወላድ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ ጽሑፋችሁን አሳየኝና «ዶክተር፣ ይኸው ያስተኛል ይላል፤ ያስተኟት እንጂ» አለኝ። (ዶክተር አይደለሁም።) ወላዷን ምን እንደቀመሰች ብጠይቃት «ምንም» አለች፤ እህቷ ግን ግማሹ የተጠጣ የአጥሚት ፔርሙስ ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ነበር። በእናንተ ዘገባ ተመርቼ አስተኝቻት ቢሆን ኖሮ ያ አጥሚት የት ሊገኝ ይችል እንደነበር አዘጋጁ ይገምቱ።

ወጊው «ሐኪሙ» ነው መባሉስ? በአገራችን አብዛኛውን ሰመመን የምንሰጠው በዚሁ ሙያ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅን፣ ሐኪም ያልሆንን ባለሙያዎች ነን። ወግተንም አንወጣም፤ መርፌው የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ግፊቷ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሽቆለቁል ይችላልና ከራስጌዋ ቆመን ግፊቷን፣ ኦክስጅኗንና ትንፋሿን እንከታተላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር እንኳ የሚጀምረው ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ የእናንተ ዘገባ ግን ከምላጩ ጀመረ። በ11 ዓመት የሥራ ዘመኔ እናትና ልጅ በደኅና ሲወጡ ምርቃቱ ለቀዳጁ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አንዳች ነገር ሲበላሽ ግን «ማደንዘዣው በዝቶባት ነው» ለማለት ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ነው። እናንተ ደግሞ ከነአካቴው «ሌሎች ባለሙያዎች» ብላችሁ አለፋችሁን።

ማረሚያው ረጅም ቦታ አይወስድባችሁም፦ «ሙሉ በሙሉ ካስተኛት» የሚለው «ከደረቷ በታች ካደነዘዛት» ይባል፣ የወጋትም ማን እንደሆነ ሆስፒታሉ ተጠይቆ ይጻፍ። ፎቶውንም ሳትቆርጡ ብታወጡት መልካም ነው፤ ከግራው ጠርዝ የኦክስጅን ጭንብል ይዞ የሚታየው፣ ባለቤት የሌለው እጅ የእሱ ወይም የእሷ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የሰመመን ባለሙያ፣ ከወሎ