ለአዘጋጁ፦ «አጥቂ ከሆንክ ካርቦን ግዛ» ብቻውን መልስ አይሆንም

ሰላም ለናንተ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። በስፖርት ገጻችሁ ላይ አንድ ወጣት «አጥቅቼ ነው የምጫወተው፣ ምን ዓይነት የፒንግ ፖንግ ራኬት ልግዛ?» ብሎ ጠይቆ «አጥቂ ከሆንክ ካርቦን ግዛ» የሚል አጭር መልስ ተሰጥቶት አየሁ። መጀመሪያ ላመስግናችሁ፣ ከአርሰናልና ከማንቸስተር ወሬ ተርፎ ለጠረጴዛ ቴኒስ ቦታ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያቺ መልስ ልጁን ብር ታስወጣዋለች፣ ጨዋታውንም ታበላሽበታለች ብዬ ስለሰጋሁ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ካርቦን የሚባለው ራኬት እኮ አብዛኛው እንጨት ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ከብሌዱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት መሆን አለበት ይላል፣ ብሌድ የምለው ጎማው ሳይለጠፍበት ያለውን እንጨቱን ነው። ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ የፋይበር ንጣፍ ደሞ ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም 0.35 ሚሊሜትር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ማለፍ አይችልም። 5.8 ሚሊሜትር የሚወፍር ብሌድ ብንወስድ 7.5 በመቶው 0.43 ገደማ ስለሚመጣ ገደቡ 0.35ቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ዝና ያለው ካርቦን ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆነ ስስ ጨርቅ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ንጣፍ ብቻ፣ አንዱ በፎርሃንድ (በመዳፍ) በኩል አንዱ በባክሃንድ (በእጅ ጀርባ) በኩል። ይሄ ስስ ነገር ግን ሥራው ከባድ ነው፣ እንጨቱ ኳስ ሲመታ እንዳይለመጥ አድርጎ ያደርቀዋል፣ ያልተለመጠ እንጨት ኳሷን ቶሎ ይለቃታል፣ ፍጥነት የሚመጣው ከዛ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፣ ኳሷ ከራኬቱ መሀል ትንሽ ወጣ ብላ ብታርፍም ጉልበቷን ብዙ አታጣም።

እና ዋናው ጥያቄ ካርቦን አለው የለውም ሳይሆን ጨርቁ የት ጋ ነው የተቀመጠው የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ሱቅ ውስጥ የሚያስረዳ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለ። አንደኛው ከላይኛው ስስ እንጨት ሥር ወዲያው ሲቀመጥ ነው፣ የቢራቢሮ ምልክት ያለው የጃፓኑ በተርፍላይ የሚሠራው ቪስካሪያ እንደዛ ነው፣ ላይ ኮቶ የሚባል ጠንካራ እንጨት፣ ከሥሩ ጨርቁ፣ ከዛ ሊምባ፣ መሀሉ ላይ ኪሪ የሚባል ቀላል እንጨት። ቻይናዊው ዣንግ ጂኬ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ በዚህ ነው የተጫወተው። ሁለተኛው ጨርቁ ወደ ውስጥ ገብቶ መሀለኛውን እንጨት ተጠግቶ ሲቀመጥ ነው፣ የዛው ድርጅት ኢነርፎርስ የሚባሉት እና ዲኤችኤስ የሚባለው የቻይና ድርጅት የሚሠራው ሃሪኬን ሎንግ 5 እንደዚህ ናቸው፣ ሎንግ የተባለውም በማ ሎንግ ስም ነው፣ ሪዮ ላይም ቶኪዮ ላይም በነጠላ ወርቅ የወሰደው ሰውዬ። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው የሚታወቀው፣ ውስጥ የገባው ቀስ ብለህ ስትነካ ተራ እንጨት ይመስልሃል፣ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ብቻ ነው ካርቦኑ የሚነሳው። ላይኛው ግን ብትነካውም ብትመታውም ሁሌ ነቅቶ ነው የሚጠብቅህ።

የፋይበሩ ዓይነትም አለ እሱን ቶሎ ልለፈው። ንጹህ ካርቦን በጣም ደረቅ ነው፣ ድምፁም ቃ! ይላል፣ ኳሷ መቼ እጅህ እንደደረሰች መቼ እንደሄደች አታውቅም። አሪሌት ከሚባል ፋይበር ጋር ሲሸመን መንቀጥቀጡን ስለሚውጠው ስሜቱ ይለሰልሳል፣ ኤኤልሲ እየተባለ የሚጻፈው ይሄ ነው፣ ዛሬ ትልልቆቹ አጥቂዎች ከያዙት ብዙው እሱ ነው። ዜድኤልሲ የሚባለው፣ ዛይሎን የሚሉት ሌላ ፋይበር ያለበት ደሞ ይብሳል፣ ፍጥነቱም ዋጋውም። ለጀማሪ ንጹህ ካርቦን ብሎ መምከር በኔ እምነት ጭካኔ ነው።

አሁን እናንተም ልጁም ያላሰባችሁት ነገር ላይ ልምጣ፣ አዲስ አበባ ነው የምንጫወተው! ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ። እዚህ አየሩ ከባህር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ያህል ስስ ነው። ለእግር ኳስም ለውጥ ያመጣል ይባላል እንጂ የኛ ኳስ እኮ 2.7 ግራም ናት፣ 40 ሚሊሜትር ስፋት ይዛ ውስጧ ባዶ፣ አየር እንደፈለገ ነው የሚጫወትባት። ቶፕ ስፒን ስትመታ፣ ማለትም ኳሷ ወደ ፊት እየተሽከረከረች እንድትሄድ ስትፈትላት፣ ኳሷን ወደ ታች ጎንበስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ የሚጥልልህ አየሩ ነው፣ ስትበር ፍጥነቷን የሚቀንሰውም አየሩ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም በዛው ልክ ይቀንሳሉ። በአጭሩ ዱባይ ወይ ጂቡቲ ላይ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የምታርፍ ኳስ እዚህ ትወጣለች። ጠረጴዛው ደሞ አልረዘመም፣ ያው 2 ሜትር ከ74 ነው። ከዱባይ ወይ ከዶሃ ዘመድ «እኔ የምጫወትበት ነው በጣም ምርጥ ነው» ብሎ የላከውን ፈጣን ብሌድ ይዘው እዚህ ኳስ ሁሉ ከጠረጴዛ ውጪ የሚሆንባቸው ልጆች ሰንፈው አይደለም፣ የላከውም አልዋሸም።

ታዲያ እዚህ ከፍታ ላይ ለሚያጠቃ ሰው የሚጠቅመው ኳሷን ለቅጽበትም ቢሆን ጎማው ላይ ያዝ አድርጎ ከታች ወደ ላይ እንዲፈትላት ዕድል የሚሰጠው እንጨት ነው፣ የሳሳውን አየር የምታካክሰው ስፒን በመጨመር ነውና። ፍጥነቱን አየሩ በነጻ እየሰጠህ ነው፣ ለፍጥነት ድጋሚ ዶላር ለምን ትከፍላለህ? ድሬዳዋ ላለ ሰው ከፍታው ግማሽ ያህል ስለሆነ ነገሩ ትንሽ ይቀልለታል፣ ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን ልጅ ግን ላይኛውን ካርቦን መጀመሪያ ብሌድ አድርጎ መስጠት አይገባኝም።

ሌላው ደሞ አጥቂ ማለት ሁሌ የሚመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነጥብ የሚጀምረው እኮ በሰርቭና በሰርቭ ቅበላ ነው። ተጋጣሚህ ከታች የቆረጣትን አጭር ሰርቭ አጭር አድርገህ ከመረብ ጀርባ ካልመለስካት፣ መረቡ 15.25 ሳንቲም ነው፣ ከፍ ብላ ከወጣችልህ በስማሽ ይጨርስሃል፣ ያ ሁሉ ፎርሃንድህ ቁጭ ብሎ ያያል። ፈጣን ብሌድ እንደዚህ ዓይነቷን ረጋ ያለች ንክኪ ነው መጀመሪያ የሚቀማህ። ወጣት ማዕከል ገብታችሁ እዩ፣ ውድ ካርቦን የያዘው ልጅ ሰውነት ማሟሟቂያው ላይ ግድግዳ የሚሰብር ይመስላል፣ ጨዋታ ሲጀመር አጭር ሰርቭ ሁለቴ ሦስቴ ይሰጡትና አለቀ። ሴቶቹ ልጆች እንደውም እዚህ ላይ የተሻሉ ናቸው፣ ቀለል ያለ እንጨት ይዘው በትዕግስት ቦታ ይመርጣሉ።

ካርቦን ለምን እንዲህ ገነነ ለሚል ሰው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኳሷ ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር አደገች፣ በ2008 ስፒድ ግሉ የሚባለው ጎማውን የሚያሳብጥና ኃይል የሚጨምር ሙጫ ተከለከለ፣ በ2014 ደሞ ሴሉሎይድ ቀርቶ ፕላስቲክ ኳስ መጣ። በየጊዜው ፍጥነትና ስፒን ሲቀነስባቸው ፕሮፌሽናሎቹ የጠፋውን ከብሌዱ መፈለጋቸው አይገርምም። እነሱ ግን በቀን ለሰዓታት የሚሠሩ፣ እግራቸው ኳሷ ጋ ቀድሞ የሚደርስ ሰዎች ናቸው። እኛ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ተሰልፈን ተራ ጠብቀን የምንጫወት።

እሺ ምን ይግዛ ካላችሁ እንዲህ ነው የምለው። ቶፕ ስፒኑ ገና ከአስሩ ግማሹ የሚወጣበት ከሆነ አምስት ንጣፍ ያለው ሙሉ እንጨት ይግዛ፣ የስዊድኑ ስቲጋ ኦልራውንድ ክላሲክ ዓይነቱን፣ ስሙ ኦልራውንድ (ለሁሉም ዓይነት ጨዋታ የሚሆን) ነው ብሎ እንዳይንቀው፣ ጥሩ ጎማ ከተለጠፈበት ያጠቃል። ኃይል ያምረኛል ካለ እዛው ስቲጋ ውስጥ ክሊፐር የሚባል ሰባት ንጣፍ እንጨት አለ፣ ካርቦን የሚባል ነገር ሳይነካው ስንቱ አጥቂ ሲመታበት የኖረ። በሳምንት ደጋግሞ ልምምድ የሚሠራ፣ አሠልጣኝ የሚያየው፣ እግሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያኔ ውስጥ የገባ ኤኤልሲ ይያዝ። ላይኛው ኤኤልሲ ለጠረጴዛው ቀርቦ ቶሎ ቶሎ ለሚመታና ብሎክ ለሚያደርግ (የመጣበትን ምት ራኬቱን ደቅኖ ለሚመልስ)፣ ንክኪውም ለተስተካከለ ሰው ነው፣ ጥቂት እንደዚህ ያሉ ልጆች አሉን፣ እነሱ ደሞ የኔን ምክር አይፈልጉም። ብራንዱ ላይ ሙጭጭ አትበሉ፣ ዪንሄና ሳንዌይ የሚባሉት የቻይና ድርጅቶች ተመሳሳይ አሠራር ያለው ብሌድ ከታዋቂዎቹ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ፣ የተረፈውን ብር ጎማ ላይ አውሉት። ጎማ ያልቃል፣ እንጨቱ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል፣ የሞተ ጎማ የተለጠፈበት ቪስካሪያ ምንም አያደርግላችሁም።

ሱቅ ስትገቡ ደሞ ጽሑፉን ሳይሆን ጎኑን እዩት። ብሌዱን በጠርዙ አዙራችሁ ንጣፎቹን ቁጠሩ፣ ጠቆር ያለችው ቀጭን መስመር ከላይኛው እንጨት ሥር ወዲያው ካለች ላይኛው ነው፣ ወደ መሀል ወፍራሙን እንጨት ተጠግታ ካለች ውስጠኛው ነው፣ ጭራሽ ከሌለች ካርቦን የሚለው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ማለት ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ራኬት ጎማው ተለጥፎበት በላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሚዛንም ላይ አስቀምጡት፣ ወርቅ ቤት ያለ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬ ነው የሚጠቅማችሁ፣ ከ85 እስከ 90 ግራም ጥሩ ነው፣ ሁለት ጎማ ሲለጠፍ ከ180 ይበልጣል፣ እንጨቱ ብቻውን ከ90 በላይ ከከበደ ለልጅ አንጓ አይሆንም። ኳስ እያነጠራችሁበት ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፣ ድምፁ በቀጠነ ቁጥር እንጨቱ ደረቅ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ብሌዶች እንኳ እኩል አይደሉም፣ እንጨት ነዋ። ለምሳሌ ፓሪስ 2024 ላይ ቻይናዊው ዋንግ ቹቺን በድብልቅ ጥንድ ወርቅ በወሰደ ቅጽበት ፎቶ አንሺዎች ራኬቱን ረግጠው ሰበሩበት፣ በማግሥቱ በመጠባበቂያው ተጫውቶ በስዊድኑ ትሩልስ ሞሬጎርድ ተሸነፈ። ለሽንፈቱ ራኬቱ ብቻ ምክንያት ነው አልልም፣ ሞሬጎርድም ግሩም ነበር፣ ያውም ስድስት ጎን ባለው በዛ ጉደኛ የስቲጋ ብሌዱ እስከ ፍጻሜው ሄዶ ብር ወስዷል።

የመጨረሻ፣ ጎማ በማስቲሽ የምትለጥፉ ልጆች እባካችሁ ተዉ። ጎማውን ልትቀይሩ ስትነቅሉ ላይኛውን ስስ እንጨት ይዞት ይነሳል፣ ካርቦኑ ሥሩ ወዲያው ባለበት ብሌድ ላይ ከሆነ ደሞ ጨርቁ ፊት ለፊት ይታያችኋል፣ ከዛ በኋላ ያ ብሌድ ቢስተካከል ቢስተካከል እንደ ድሮው አይሆንም። በውሃ የሚሠራውን የራኬት ሙጫ አስልኩ፣ አንዷ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ትበቃለች፣ ስትነቅሉም በአንድ በኩል ከጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እንጨቱ በሚሄድበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ጎን አትጎትቱ። ጠያቂው ልጅ አድራሻውን ትቶላችሁ ከሆነ ይሄን ደብዳቤ ላኩለት፣ በጋዜጣው ቦታ ባይኖር እንኳን።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከስድስት ኪሎ