አኻያና አካሊፋን በቁራጭ ማራባት፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ሥራ

ዘንድሮ ክበባችን የሠራው በሁለት ዕፅዋት ላይ ነው። አንዱ በዓባይና በጣና ዳር የሚበቅለው አኻያ ሲሆን ሌላው ቅጠሉ ቀይና ሮዝ ሆኖ አጥር የሚያስጌጠው አካሊፋ ነው። ሃኩሮ ኒሺኪ የሚባለውና አዲስ ቅጠሉ ነጭና ሮዝ የሚሆነው የጃፓን አኻያ ቅዝቃዜ የለመደ ስለሆነ ለባሕር ዳር አልመረጥነውም።

አኻያ አያስቸግርም። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ ላይኛው ቀጥ ይደረጋል። ይህ ምልክት ካልተደረገ ቁራጩ ተገልብጦ ሊተከል ይችላል። ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይገባል፤ እርጥበት ካልተለየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳል።

አካሊፋ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ለጋም ያልሆነ ፈጽሞም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ ይመረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በመቀስ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ሰፊ ቅጠል የሚያተነውን ውኃ መተካት አይችልምና። መደቡ ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ የበሰለ ኮምፖስት ነው። መረሬ አፈር ውኃ ስለሚይዝ የቁራጩን ግርጌ ያጠቁራል፤ ያልበሰለ ፍግ ደግሞ ያቃጥለዋል። ጥላ ሥር ሆኖ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይለብሳል፤ ሻጋታ እንዳይዘው በየቀኑ ጥቂት ይገለጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁራጩ ቅጠል ሲያወጣ ጸደቀ ብሎ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ያ ቅጠል ግንዱ ውስጥ ከተጠራቀመው ምግብ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥር ከሌለ በአንድ ቀን ፀሐይ ይጠወልጋል። ነቅሎ ማየትም ነጫጭ ሥሮቹን ይበጥሳል። በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ መሳብ ይበቃል፤ እንቢ ካለ ሥር ይዟል።

ከዚያ በኋላ ጥላው በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። አካሊፋ ጥላ ከበዛበት ቀለሙ ይደበዝዛል። ነጭ ጠርዝ ካለው ዝርያ ላይ ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከወጣ ከሥሩ ይቆረጥ፤ አረንጓዴው ፈጥኖ ስለሚያድግ ባለቀለሙን ይውጠዋል።

የሣር ጉዝጓዝ ግንዱን ከነካ ምስጥ ይጠራል፤ ስለዚህ አንድ ጋት ያህል ይራቅ። እምቦጭን ለጉዝጓዝ እንዳትጠቀሙ አደራ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ በሐምሌ ነው፤ ችግኙ ያለበት የፕላስቲክ ከረጢት ይቀደዳል፣ አኻያው ወደ ውኃ መውረጃው፣ አካሊፋው ወደ አጥሩ። የመጪው ዓመት አባላት በመስከረም መጨረሻ አካሊፋውን በሲሶ ይግረዙት፤ ግርዙ ለቀጣዩ መደብ ቁራጭ ይሆናል።